ተኩሶ መመለስ፦ በሕንዶች የጥንት ታሪክ ስለ መለኮታዊ መሣሪያዎችና ራስን ስለ መግዛት



የኢዮቤልዩ መጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ «አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ አበርክቱልን» ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ ያሰብነው ስለ አድዋ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ አድዋ ከእኛ የበለጠ የተማሩ ወንድሞችና እህቶች እንደሚጽፉ ስለምናውቅ፣ እኛ ከባንኮኒ ኋላ ቆመን የሰማነውን፣ በኋላም በትርፍ ጊዜያችን አንብበን ያጣራነውን የጎረቤቶቻችንን የሕንዶችን ታሪክ ለማቅረብ መረጥን።

ናይሮቢ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ከሕንድ ነጋዴ ጋር ሳይተዋወቅ አንድ ወር የሚከርም ኢትዮጵያዊ የለም። በርበሬውንና ሽሮውን ከአገር ቤት ብናስመጣም ሩዙን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ እርዱን፣ የአልጋ ልብሱን በጅምላ የምንረከበው በአብዛኛው ከእነሱ ነው። አመጣጣቸው ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ እንግሊዞች ከሕንድ 32,000 ያህል ሠራተኞች አስመጡ። ከነዚህ ውስጥ 2,500 ያህሉ በበሽታ፣ በአደጋና በአውሬ አለቁ፤ ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ኮንትራታቸውን ጨርሰው እዚሁ ቀሩ። ዛሬ የምናውቃቸው የባለሱቅ ቤተሰቦች ግን አብዛኞቹ ከጉጃራትና ከፑንጃብ በራሳቸው ወጪ በጀልባና በመርከብ የመጡ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ስለዚህ ስደትን ከእኛ አስቀድመው ያዩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። እኛም ብንሆን ሕንዶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅነው እዚህ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለን ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊ መምህር ነበሩ። በእኛ ዕድሜ ያሉ ብዙ አንባቢዎችም እንደዚያው እንደሚሆኑ እንገምታለን።

ከሱቃችን ጎን አንድ የጉጃራት ሽማግሌ ሱቅ አላቸው። እሳቸው እኛን «ባይ» ይሉናል፤ በቋንቋቸው ወንድም ማለት ነው። እኛ ደግሞ በአገሩ ደንብ «ምዜ» እንላቸዋለን። ምዜ ገበያ ሲቀዘቅዝ የቪዲዮ ካሴት ያያሉ። ካሴቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1990 በሕንድ ቴሌቪዥን የታየው፣ 94 ክፍል ያለው የ«ማሃባራታ» ድራማ። መጀመሪያ ላይ እሳት የሚተፋውን ፍላጻ እያየን እንስቅ ነበር። ፍላጻው ከሌላ ፍላጻ ጋር በሰማይ ላይ ይጋጫል፤ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ለልጆች ጨዋታ ይመስላል። አንድ ቀን ምዜ ሳቃችንን ሰምተው «ባይ፣ ይህ የተኳሹ ታሪክ አይደለም፤ የመለሰው ታሪክ ነው» አሉን። ያኔ አልገባንም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። እኛ ይህን የምንጽፈው የእነሱን ሃይማኖት ለማስተማር አይደለም፤ ለዚያ ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለንም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን እንደ ጎረቤት ታሪክ ያንብብልን።

ማሃባራታ በሳንስክሪት ቋንቋ የተደረሰ እጅግ ረጅም የግጥም ታሪክ ነው። አሥራ ስምንት መጻሕፍት ሲኖሩት ባለ ሁለት መስመር ስንኞቹ ወደ 100,000 ይጠጋሉ። ሕንዶች ደራሲው ቭያሳ የሚባል ጠቢብ ነው ይላሉ፤ እሱ ራሱም በታሪኩ ውስጥ ይገባል ይወጣል። ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ገደማ ተጀምሮ ከልደቱ በኋላ እስከ 400 ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ የአሁኑን መልክ እንደያዘ ይገምታሉ። በፑኔ ከተማ የሚገኘው የባንዳርካር የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፎችን አመሳክሮ የታረመውን እትም ለማውጣት እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1966 ፈጅቶበታል። ይህን ያህል ዘመን የፈጀ ሥራ ሲታይ መጽሐፉ ለእነሱ ምን ያህል የከበረ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ታሪኩ በአጭሩ የአጎትና የወንድም ልጆች የዙፋን ጠብ ነው። በአንድ ወገን አምስቱ የፓንዱ ልጆች፣ በሌላው ወገን የዓይነ ስውሩ ንጉሥ መቶ ልጆች አሉ። አምስቱ በቁማር ተሸንፈው ለ13 ዓመታት ተሰደዱ። ሲመለሱ ርስታቸው አልመለስ ስላላቸው ዛሬ ከዴልሂ በስተሰሜን በሚገኘው በኩሩክሼትራ ሜዳ ለ18 ቀናት ተዋጉ። ማሸነፉንስ አሸነፉ። ነገር ግን የሚገዙት ሰው እምብዛም አልተረፈላቸውም።

በዚህ ጦርነት ተራ ፍላጻና ጦር ብቻ አይደለም ያለው። «አስትራ» የሚባሉ፣ ከአማልክት የተገኙ መሣሪያዎች አሉ። የእሳት፣ የውኃ፣ የነፋስ አስትራ አለ። አስትራ ከብረት የሚቀጠቀጥ ነገር አይደለም። ተዋጊው የምሥጢር ቃል ይማራል፤ ቃሉን በፍላጻ ላይ፣ ሲያስፈልግም በሣር ስንጥር ላይ ደግሞ ይለቀዋል። ስለዚህ መሣሪያው የሚኖረው በሰውየው አፍና ልብ ውስጥ ነው። ትምህርቱም ሁለት ክፍል አለው፤ መልቀቅና መመለስ። ብዙዎች የመጀመሪያውን ይማራሉ። ሁለተኛው ግን በጉልበት የሚገኝ አይደለም።

ከአምስቱ ወንድማማቾች ሦስተኛው አርጁና ነው። በስደቱ ዘመን ወደ ሂማላያ ተራራ ወጥቶ በጾምና በተጋድሎ ተቀመጠ። ሺቫ የሚባለው አምላካቸው አዳኝ መስሎ መጣና በአንድ የዱር አሳማ የተነሣ ተጣሉ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወግተውት «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» ተባባሉ። አርጁና በትግሉ ተሸንፎ ማንነቱን ካወቀ በኋላ ሺቫ ፓሹፓታ የተባለውን መሣሪያ ሰጠው። ሲሰጠውም አስጠነቀቀው፤ ይህን በችኮላ እንዳትለቀው፣ አቅመ ደካማ በሆነ ሰው ላይ ከተለቀቀ ዓለምን በሙሉ ያጠፋል አለው። ልብ በሉ፤ ማስጠንቀቂያው ስለ ጠንካራ ጠላት አይደለም። አደጋው ያለው በደካማው ላይ ሲወረወር ነው። እኛ ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በእኛ ግምት ግን ከሁሉ ይበልጣል። አርጁና ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ወንድሞቹ ሲመለስ ታላቅየው ዩዲሽቲራ «እስቲ ያመጣሃቸውን መሣሪያዎች አሳየን» አለው። የወንድም ጥያቄ ነው፤ ክፋት የለበትም። አርጁናም በማግስቱ ታጥቆ ተነሣና ለማሳየት ጀመረ። ወዲያው ምድር ከእግሩ በታች ተንቀጠቀጠች፤ ወንዞች ተናወጡ፤ ነፋስ ቆመ፤ ፀሐይ ብርሃኗን ነሳች፤ በመሬት ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት እጃቸውን አጣምረው እየተንቀጠቀጡ ወጡ። ያን ጊዜ ናራዳ የተባለው ጠቢብ ከአማልክት ተልኮ መጣና አስቆመው። ዒላማ ሳይኖር እነዚህ አይለቀቁም፤ ዒላማ ቢኖርም እንኳ ካልጨነቀ በቀር አይለቀቁም አለው። አርጁናም ጠቅልሎ አስቀመጠ። ገና ጠላት ሳይኖር፣ ለታይታ ብቻ፣ ዓለም ልትጠፋ ነበር።

ጦርነቱ ሊጀመር ሲልም ዩዲሽቲራ ስለ ጠላት ብዛት ሲጨነቅ አርጁና ፓሹፓታ በእጁ እንዳለ ያስታውሰዋል፤ ነገር ግን ተራውን ሰው በመለኮታዊ መሣሪያ መግደል ተገቢ ስላልሆነ በቀና ውጊያ እንደሚያሸንፉ ይነግረዋል። በራማያና ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። ላክሽማና ተናዶ ብራህማስትራን ለቅቄ የአጋንንቱን ዘር ሁሉ ልፍጅ ሲል ወንድሙ ራማ ይከለክለዋል፤ በአንድ ሰው ጥፋት ሁሉን መፍጀት አይገባም፣ የማይዋጋውን፣ የተደበቀውን፣ እጁን አጣምሮ የለመነውን፣ የሸሸውን አይገደልም ይለዋል።

ስለዚህ ነገር ሲነሳ አንዳንድ ሰዎች «የጥንት ሕንዶች አቶሚክ ቦምብ ነበራቸው» ይላሉ። በካሴትም በመጽሐፍም ሲሸጥ አይተናል። ይህ መሠረት የለውም፤ ከመሬት ተቆፍሮ የተገኘ ምንም ማስረጃ የለም። እውነቱ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ሮበርት ኦፐንሃይመር በ1930ዎቹ በበርክሊ ሳንስክሪት ተምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው ቦምብ ሲፈነዳ ከማሃባራታ ውስጥ ያለው የጊታ ክፍል ትዝ እንዳለው በኋላ በቴሌቪዥን ተናግሯል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሂሮሺማ ተመታች። ሕንድ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1974ና በ1998 የኑክሌር ሙከራ አድርጋለች፤ ከሚሳይሎቿ አንዱን በእሳት አምላክ ስም «አግኒ» ብላ ሰይማዋለች፤ በ2003 ደግሞ ቀድማ ላለመተኮስ ቃል መግባቷን በይፋ አስታውቃለች። እኛ የምንለው የጥንቶቹ ቦምቡን ሳይሠሩት ጥያቄውን ጠይቀውታል ነው።

ወደ ጦር ሜዳው እንመለስ። የሁለቱም ወገን የጦር መምህር ድሮና ነበር። ልጁ አሽዋታማ ይባላል። ድሮና «ልጅህ ሞተ» የሚል ውሸት ተነግሮት ትጥቁን ባወረደ ጊዜ ተገደለ፤ የሞተው ልጁ ሳይሆን በስሙ የሚጠራ ዝሆን ነበር። አሽዋታማ ይህን ሲሰማ በንዴት ናራያናስትራን ለቀቀ። ሰማይ በእሳት ፍላጻ ተሞላ፤ ሲመክቱትም ይበልጥ ይበረታል። ክሪሽና ግን መድኃኒቱን ያውቅ ነበርና «ሁላችሁም መሣሪያችሁን ጣሉ፣ ከሠረገላ ከዝሆን ውረዱ» ብሎ ጮኸ። ሠራዊቱ ወረደ። ቢማ የተባለው ጉልበተኛው ወንድም ብቻ «እኔ አልወርድም» ብሎ በዱላው ሊመክት ቆመ፤ እሳቱም ከበበው። ክሪሽናና አርጁና ሮጠው ገብተው በግድ ጎትተው አወረዱት፤ መሣሪያውን ከእጁ አስጣሉት። መሣሪያውም ጸጥ አለ። ንጉሡ «ድገመው» ቢለው አሽዋታማ አይደገምም፣ ቢደገም በባለቤቱ ላይ ይመለሳል አለ። ቢማ ጀግና ነው፤ ማንም ፈሪ አይለውም። ሆኖም ያን ቀን ያዳነው ጀግንነቱ አይደለም፤ የጎተቱት ሰዎች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ጎታች ያጣ ስንት ጉልበተኛ አለ!

የካርና ታሪክ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ እዚህ በአጭሩ እናልፈዋለን። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወረወር ጦር ነበረው፤ ለአርጁና ብሎ ሲቆጥበው ከርሞ በጨነቀው ሌሊት በሌላ ሰው ላይ ጨረሰው። የብራህማን መሣሪያ ደግሞ ማንነቱን ዋሽቶ ስለ ተማረው፣ በሚያስፈልገው ሰዓት ቃሉ ጠፋበት።

አሁን ምዜ ወደ ነገሩን እንድረስ። ከሁሉ የሚበረታው መሣሪያ ብራህማሺራስ ይባላል። ድሮና ይህን ለአርጁና አስተማረው። የገዛ ልጁ አሽዋታማ ቀንቶ «ለእኔስ?» አለ። አባት የልጁን ጠባይ ያውቃል፤ ልቡ እየከበደው ሰጠው፤ ምንም ያህል ብትጨነቅ በተለይ በሰው ላይ እንዳትለቀው ብሎ አስጠነቀቀው፤ አንተ ግን በመልካም ሰዎች መንገድ ጸንተህ አትቆምም አለው። እኛ አባቶች እዚህ ላይ ቆም እንላለን። ልጅ ስለ ለመነ ብቻ ሊይዘው የማይችለውን ነገር ሰጥተን አናውቅምን?

አሽዋታማ በዚህ አልረካም። ወደ ክሪሽና ከተማ ሄዶ «ቻክራህን ስጠኝና በእኔ መሣሪያ እንለዋወጥ» አለው። ቻክራ ክብ ስለታም መሣሪያ ነው። ክሪሽናም «እንካ፣ ውሰደው፤ በምላሹ ምንም አልፈልግም» አለ። አሽዋታማ በግራ እጁ ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። በቀኝ እጁ ሞከረ፤ አልቻለም። ደክሞት ሲቆም ክሪሽና «ለመሆኑ በማን ላይ ልትጠቀምበት ነበር?» ብሎ ጠየቀው። መልሱ «በአንተ ላይ» የሚል ነበር።

ጦርነቱ ባበቃበት ሌሊት ከተሸነፈው ወገን የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። የእኛን ዋርካ በሚመስል ትልቅ ዛፍ ሥር ተኙ፤ አሽዋታማ ግን እንቅልፍ እምቢ አለው። አንዲት ጉጉት በዛፉ ላይ የተኙትን ቁራዎች በሌሊት ስትፈጃቸው አየ፤ እሱም ይህንኑ ለማድረግ ወሰነ። አጎቱ ክሪፓ «ዛሬ ተኛ፤ ነገ ሽማግሌ እንጠይቅ» ብሎ ለመነው። ምክሩ ይኸው ነበር፤ አንድ ሌሊት መተኛት። አልሰማም። ወደ ሰፈሩ ገብቶ የተኙትን ፈጀ፤ የድራውፓዲን አምስት ወንዶች ልጆችም ገደለ።

አምስቱ ወንድማማቾች በጋንጅስ ወንዝ ዳር ከባሕታውያን መካከል ተቀምጦ አገኙት። ሲያያቸው አንድ የሣር ስንጥር በግራ እጁ አንሥቶ ቃሉን ደገመበትና «ለፓንዱ ልጆች ጥፋት» ብሎ ለቀቀው። አርጁናም የራሱን ብራህማሺራስ ሊለቅ ተገደደ። ነገር ግን አለቃቀቁን ተመልከቱ፤ አስቀድሞ ለመምህሩ ልጅ ደኅንነትን ተመኘ፣ ቀጥሎ ለራሱና ለወንድሞቹ፤ ከዚያ ይህ መሣሪያ ያን መሣሪያ ያብርደው ብሎ ለቀቀ። ሁለቱ እሳቶች ሊገናኙ ሲሉ ቭያሳና ናራዳ መካከላቸው ገብተው ቆሙ። ቭያሳ እንዳለው አንዱ ብራህማሺራስ በሌላው በተመከተበት አገር አሥራ ሁለት ዓመት ዝናብ አይዘንብም። «ሁለታችሁም መልሱ» ተባሉ።

አርጁና መለሰ። መጽሐፉ ይህን ከመልቀቁ ይበልጥ ያደንቀዋል። ምክንያቱም የተለቀቀውን መመለስ የሚችለው በንጽሕናና በስእለት የኖረ ሰው ብቻ ነው፤ ራሱን ያልገዛ ሰው ልመልሰው ቢል የራሱን አንገት ይቆርጠዋል። አሽዋታማ ግን መመለስ አልቻለም። ቢማን ፈርቼ ነው የለቀቅኩት አለ። የሚገርመው በግንባሩ ላይ የያዘው ዕንቁ ነው፤ ዕንቁው ያለበት ሰው መሣሪያን፣ በሽታንም፣ ረሃብንም አይፈራም ተብሎ ነበር። ፍርሃት የማያስፈልገው ሰው ፈርቶ ዓለምን ሊያቃጥል ተነሣ። መመለስ ስላልቻለም መሣሪያውን በሴቶቹ ማሕፀን ላይ አዞረው። የሞተው የአርጁና ልጅ ሚስት ኡታራ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ፤ ክሪሽና አስነሣው ይላሉ፤ በኋላም ፓሪክሺት ተብሎ ነገሠ።

በዚህ ጠብ ውስጥ ምንም ያላደረገ ቢኖር ያ ሕፃን ነው።

ምዜ «የመለሰው ታሪክ ነው» ያሉን የገባን የራሳችን ነገር ከደረሰብን በኋላ ነው፤ መጻፍ ስላለብን እንጽፈዋለን። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የአገራችን ልጅ በዱቤ ወስዶ ዘገየ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር ሆነ። ደንበኛ ሁሉ እያየን ይሄዳል፤ እኛም የጅምላ ዕዳ አለብን። በአንድ እሑድ፣ ከማኅበሩ ስብሰባ በኋላ ቡና ሲጠጣ፣ ልጆቹ ባሉበት፣ ስሙን ጠርተን ሌባ ብለን ተናገርን። ገንዘቡ ትልቅ አልነበረም። ለታይታ ነበር ብንል ይቀላል፤ ሌላው ባለዕዳ እንዲፈራ ብለን ነው። ሰውየው አልመለሰም። ዝም ብሎ ልጆቹን ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ገንዘቡን በሰው ላከልን፤ በመቶም በሃምሳም የተጠረቃቀመ ሽልንግ ነበር። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

ይቅርታ ለመጠየቅ ሽማግሌ ይዘን ሄደን ነበር። ተቀበለን፤ ሻይም አቀረበልን። «ያለፈ ነገር ነው» አለ። ታላቂቱ ልጁ ግን በቅዳሜ የምትማረውን የአማርኛ ትምህርት ያን ሰሞን አቁማ ነበር፤ ዳግመኛም አልመጣችም። ቤተሰቡ በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ የእኛ ሰዎች። እኛ ወደ ሰውየው ነበር የወረወርነው፤ ያረፈው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ላይ ነው። የዱቤ ደብተራችንን ከዚያ ወዲህ ከባንኮኒው ሥር ቆልፈን እናስቀምጣለን፤ የማንንም ስም ጮክ ብለን አናነብም። ይህ መጽሔት እዚያ ከተማ ቢደርስ፣ እሷም ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና አማርኛውን የሚያነብላት ሰው ብታገኝ፣ ይህን የጻፍነው ለእሷ መሆኑን ታውቃለች።

ስለ አሽዋታማ መጨረሻ ደግሞ ክሪሽና ሦስት ሺህ ዓመት ብቻውን፣ የሚያነጋግረው ሳይኖር፣ ደምና መግል እየሸተተ እንዲንከራተት ረገመው። ዕንቁውን ሰጠ፤ አምስቱም ነፍሱን አልነኩትም። በመካከለኛው ሕንድ፣ በቡርሃንፑር አቅራቢያ በሚገኘው በአሲርጋር አምባ አካባቢ ያሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ አልፎ አልፎ ይታያል ይላሉ። ግንባሩ ላይ ዕንቁው የነበረበት ቦታ አልሽር ብሎት ከመንገደኛ ዘይትና እርድ ይለምናል ነው የሚባለው።

ምዜ ይህን ሲነግሩን ሱቃቸው ውስጥ ነበርን። እርድ ልንገዛ ገብተን ነበርና ግማሽ ኪሎ መዘኑልን። ሒሳቡን ልንከፍል እጃችንን ወደ ኪሳችን ስናስገባ «ነገ ትሰጡኛላችሁ፣ ባይ» አሉን፤ በደብተራቸውም አልጻፉትም።